ኮከባም ቆዳ

ወሬውን የሰማው ከግድግዳ ወዲያ ነበር፤ ያውም ግማሹን። ያኔ ገና አዲስ ሙሽራ ነው። ሚስቱ ክንዱን ተንተርሳ ተኝታለች። ከደጅ ሁለት ነጋዴዎች ጭነታቸውን አራግፈው፣ ጀርባቸውን ለጭቃው ግድግዳ ሰጥተው ያወጋሉ።

"የዚህ መንገድ ቆዳ ባሕር ማዶ ስም ወጥቶለታል አሉ።"

"ማን ተብሎ?"

"ኮከባም።"

"ኮከባም? ደግሞ ምን ማለት ነው?"

"ወደ ብርሃን ያነሡትና..."

እዚህ ላይ አንዱ አህያ አናፋ። ሌላው ተቀበለው። አህዮቹ የልባቸውን ተናግረው ሲጨርሱ፣ ነጋዴዎቹ ወሬያቸውን ወደ አንድ የታመመ ወንድም አዙረውት ነበር። ወደ ብርሃን አንሥተው ምን እንደሚያዩ ሳይሰማ ቀረ። ወይም ሰምቶ ረስቶት ይሆናል፤ ዘመን ካለፈ በኋላ ሰው የሰማውንና በልቡ የጨመረውን መለየት ይቸግረዋል።

ብቻ ማለዳ ለሚስቱ ነገራት።

"እሰይ!" አለች፣ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እያበሰች። "ኮከባም ማለት እድለኛ ማለት አይደል? በአንተ እጅ ያለፈ ሁሉ ኮከቡ ቀና ማለት ነዋ!"

ከዚያን ዕለት ጀምሮ በቤት ውስጥ ስሙ "ኮከባሜ" ሆነ። ውኃ ስጠኝ ስትል ኮከባሜ፣ ጣራው አፈሰሰ ስትል ኮከባሜ፣ ስትቆጣም ሳይቀር "አይ ኮከባሜ!"

በመንገዱ ላይ ግን የሚታወቅበት ሌላ ስም ነበረው። ኬላ ጠባቂ ነው። ከደጋው ገበያ ወደ ወደቡ የሚወርድ ጭነት ሁሉ በእሱ ደጅ ያልፋል፤ ከደጁ ደግሞ መንገዱን የዘጋ ግንድ ተጋድሟል። "ቁም!" ሲል የነጋዴዎቹ ቅፍለት፣ ሰውም ከብትም፣ ይቆማል። ክንድ የሚያህል ሹል ብረት ይዞ ይወጣና እስር እስሩን ቆዳ ይወጋል። ብረቱ ሳይነጥር ከገባ ቆዳ ብቻ ነው፤ ቀጭ ካለ ግን በመሀሉ የተደበቀ ጥይት ወይም የባሩድ ቆርቆሮ አለ። ከዚያ ቀረጡን ተቀብሎ ግንዱን ያነሣል። ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም ሌሎች ኬላዎች አሉ፤ ሁሉም እንዲሁ ያደርጋሉ። ነጋዴው ግን ድምፁ እንደ እሱ የሚያስተጋባ ጠባቂ አላየምና "አባ ቁም" አለው።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ኮከባሜ የሚለው የለም። አባ ቁም ብቻ ቀረ። መንገዱ በጭቃ ተይዞ ማንም በማያልፍበት ክረምት፣ አንዳንድ ቀን ደጁ ላይ ይወጣና ለባዶው መንገድ "ቁም!" ይላል፤ ድምፁ አለመጥፋቱን ለማወቅ። ተራራው ይመልስለታል። ከዚያ ገብቶ ጸሎቱን ያደርሳል። ጸሎቱም አጭር ነበር፤ ፈጣሪ ከእሱ ይልቅ ብዙ የሚሰማው እንዳለበት ያስባል።

*

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከሁለት ወገን አቧራ ተነሣ። ከላይ ባንዲራ የያዘ ፈረሰኛ፣ ከኋላውም ጥላ የተያዘለት ሰው በሰጋር በቅሎ ይወርዳል። ከታች፣ ከወደቡ በኩል፣ ጭነታቸውን ያራገፉ በቅሎዎች ይወጣሉ። አባ ቁም ወደ የትኛው ዞሮ "ቁም!" እንደሚል ግራ ገባው። በመጨረሻ ዝም አለ።

ከላይ የመጣው ከቤተ መንግሥት የተላከ የንግድ ሹም ነበር፤ ጢሙ ገና ያልጠነከረ፣ ካባው ግን እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ። ከታች የመጣችው እትዬ ሚዛን ናት፤ በዚህ መንገድ ላይ ካሉት የቆዳ ነጋዴዎች ሁሉ አንጋፋዋ። ባሏ ሲሞት ንግዱን ተረከበች፤ ሌሎቹ ነጋዴዎች ደግሞ ስትከራከር ሰምተው አለቃ አደረጓት።

"እንደምን ዋልሽ የቤት እመቤት!" አለች ገና በቅሎዋ ላይ ሳለች፣ ከመንገዱ ማዶ በግራሩ ሥር ወዳለው የድንጋይ ክምር እጇን አንሥታ። የሚስቱ መቃብር ነው። በሕይወት ሳለች ለሚቆመው ሁሉ ውኃ ታቀርብ ነበርና ነጋዴው እስከ ዛሬ ሰላም ሳይላት አያልፍም። "አባ ቁም፣ ዛሬ ምነው ዝም አልክ? ጉሮሮህን ብርድ መታው?"

"እትዬ፣ ምን ልበል? ሁለት ወገን በአንድ ጊዜ አቁሜ አላውቅም።"

"እኛም በአንድ ላይ ቆመን አናውቅም። ለዚህ ነው የመጣነው።" ከበቅሎዋ ወረደች። "ቤትህን አውሰን። እኛ ወደ ቤተ መንግሥት ብንሄድ ተከሰሱ ይባላል፤ እሳቸው ወደ መጋዘናችን ቢመጡ ተገዙ ይባላል። አንተ ዘንድ ግን የሚመጣ ሁሉ ተገዶ እንደሚመጣ አገር ያውቃል።"

ሹሙ ሊስቅ ሲል ካባውን አስታወሰና ጉሮሮውን ጠረገ።

በቤቱ ውስጥ ሁለት በርጩማ ነበሩ። አንደኛው ላይ ከሚስቱ በኋላ ማንም ተቀምጦበት አያውቅም። አባ ቁም አቧራውን በእጁ አበሰና ለሹሙ አቀረበለት፤ የራሱን ለእትዬ ሚዛን ሰጣት፤ እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው ሲነጋገር ከሰማ ስንት ጊዜው ነው! ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ሳይሆን፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው መቀጠሉ ራሱ ደስ አሰኘው።

"መርከቦቹ ግማሽ ሆዳቸውን ይዘው ነው የሚመለሱት" አለ ሹሙ። "መንግሥት ቆዳ አምጡ ይላል፤ እናንተ ገበያ የለም ትላላችሁ። ገበያ ከሌለ የጎረቤቶቻችን ቆዳ ለምን ይሸጣል?"

"የጎረቤቶቻችን ቆዳ ሙሉ ነዋ፣ ጌታዬ።"

"የእናንተስ?"

"የእኛን ልናሳይዎት ነው ያመጣነው።" እትዬ ሚዛን ወደ ደጅ ተጣራች። በቅሎዎቹን የሚነዳላት የጭነት አሳላፊዋ አንድ የተጠቀለለ ቆዳ ይዞ ገባ። "ይኼ ባሕር ማዶ ደርሶ የተመለሰ ነው። ገዢው አልፈልግም ብሎ ከነመርከቡ መልሶ ላከልን። አባ ቁም፣ ከበሩ ዘወር በል እስቲ።"

በሩ ወደ ምዕራብ ነው፤ ፀሐይዋም ዝቅ ብላለች። ቆዳውን ከመቃኑ ላይ አንጠለጠሉት። ቤቱ ጨለመ።

ከዚያ ብርሃኑ ገባ። በቆዳው ላይ በተነደሉት ቀዳዳዎች ሁሉ ቀጭን ቀጭን ጨረር ወለሉ ላይ፣ ድስቱ ላይ፣ የሹሙ ካባ ላይ አረፈ። ሹሙ እጁን ዘረጋ፤ መዳፉ ላይ ሦስት ነጥብ ብርሃን ተቀመጠ።

"በየኬላው አንድ አንድ ጊዜ ይወጋል" አለች እትዬ ሚዛን። "ወደቡ ሲደርስ ይኼን ይመስላል። ጫማ የሚሠራው ሰው ወደ ብርሃን ያነሣና ያየዋል፤ ከዚያ ለሙጫ ቀቃይ ይጥለዋል። ስድብም አውጥተውልናል። ኮከባም ይሉናል።"

አባ ቁም የተደገፈው ግድግዳ ከኋላው የሸሸ መሰለው።

"ምን አሉ?" አለ።

"ኮከባም። ሰማይ ይመስላል ለማለት ነዋ! ሲያላግጡ።"

አባ ቁም ወለሉ ላይ ያሉትን ነጥቦች አየ። አንዷ እሳት ሲነድ ሚስቱ ትቀመጥበት ከነበረው ቦታ ላይ ወድቃለች።

"ስለዚህ ያበላሸው መንግሥት ነው እያሉኝ ነው" አለ ሹሙ፣ ፊቱ ቀልቶ።

"እኔ አላልኩም፤ ፀሐይዋ ናት ያለችው።"

ሹሙ ተነሥቶ ወደ ቆዳው ቀረበ። ጣቱን በአንደኛው ቀዳዳ አስገባ፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ሌላውን ዳሰሰ። "ይኼኛው ግን ክብ አይደለም፣ እትዬ። ይኼ ስንጥቅ ነው። ይኼም። ኬላ ጠባቂ በቢላ ይወጋል እንዴ?"

አሳላፊዋ መሬት መሬት አየ።

"ሲገፈፍ የተቆረጠ ነው" አለች እትዬ ሚዛን። "ገፋፊዎቻችን ይቸኩላሉ።"

"ስለዚህ ግማሹ የኛ፣ ግማሹ የእናንተ።"

"የእኛን ሲሶ ይበሉት።"

"ግማሹ።"

"እሺ፣ ግማሹ! ድሮስ ከመንግሥት ጋር ጥፋት የተካፈለ በሲሶ አምልጦ ያውቃል?"

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ነገሩን አላላው። ቆዳውን አውርደው ይነጋገሩ ጀመር። ሹሙ ቀረጡ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከደጋው ገበያ ላይ እንዲከፈልና ኬላዎቹ ሁሉ እንዲነሡ እንደሚያስደርግ ቃል ገባ። እሷ ደግሞ ነጋዴዎቹ ለገፋፊዎቻቸው ጫፉ የደነዘዘ ቢላ ገዝተው እንዲሰጡ፣ በሰነጠቀውም ላይ እንዲጨክኑ ታደርጋለች። ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት ገበያው ላይ ተፈትቶ፣ ታይቶ፣ እንደገና ታስሮ በቀለጠ እርሳስ ይታተማል። የታተመውን እስከ መርከቡ ድረስ ማንም አይነካውም።

"ማን ነው የሚፈታው?" አለ ሹሙ።

እዚህ ላይ ነገሩ እንደገና ከረረ። የመንግሥት ሰው ይሁን ሲል፣ እሷ "ጉቦ ሲያምረው ባሩድ ያገኝብናል" አለች። የነጋዴ ሰው ይሁን ስትል፣ እሱ "ባሩድ ሲያገኝ ዓይኑን ይጨፍናል" አለ። ሹሙ ካባውን ሰበሰበ። ያለ አንድ የታመነ ሰው ይህን ስምምነት ይዞ ቤተ መንግሥት ቢገባ የሚስቁት በእሱ ላይ ነው። ጎህ ሲቀድ ይመለሳል፤ ኬላዎቹም እንደነበሩ ይቀጥላሉ።

እትዬ ሚዛን ዓይኗን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ይኼ ሰውዬ" አለች።

"የቱ?"

"ይኼ አፉን ዘግቶ የቆመው። አንድ ጊዜ ከእኔ የሚበልጥ ነጋዴ ባሩድ ደብቆ መጣ፤ ከነአሽከሮቹ መለሰው። ሌላ ጊዜ ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ማር ሰጥቶት በማግስቱ ማሩን ከነእንስራው መለሰለት። ማንንም አላዳላም፤ ሁላችንንም እኩል ነው የወጋን። ነጋዴዎቹ ይጠሉታል፤ ግን ያምኑታል። የናንተም ሰው ነው።"

"ማንበብ ይችላሉ፣ አባት?" አለ ሹሙ።

"አልችልም፣ ጌታዬ።"

"ገጣሚ አልፈለግን" አለች እትዬ ሚዛን። "ገበያው ላይ ፈትቶ የሚያስር ነው የፈለግነው።"

ሁለቱም እሱን ጠበቁ።

"አልሄድም" አለ አባ ቁም።

"ምን?"

"ግንዱን አንሡት፤ የመንግሥት ነው። ብረቱንም ውሰዱት። እኔ ግን ከዚህ አልሄድም።" ለሹሙ እጅ ነሥቶ ከቤቱ ወጣ።

*

ከግራሩ ሥር ተቀመጠ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ከታች አሳላፊው በቅሎዎቹን ውኃ ያጠጣል፤ አንደኛዋን የማይነገር ስድብ ይሰድባታል፣ ወዲያው ደግሞ ግንባሯን ያካታል።

አባ ቁም ለሚስቱ የሚላት ነበረው፤ ግን ከየት እንደሚጀምር አጣ። ስድብ ነበር፣ ሊላት ነው? ያን ሁሉ ዘመን በስድብ ነበር የምትጠሪኝ? ደግሞ ኬላው ይነሣል። ከእንግዲህ "ቁም" የሚባል ነገር የለም። ቅፍለቱ እየዘፈነ ይመጣል፣ እየዘፈነ ያልፋል። እሱ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ የበቅሎዎቹን ጭራ ያያል። አምላኬ፣ አለ በልቡ፤ ከዚያ በላይ አልመጣለትም።

እትዬ ሚዛን መጥታ ከድንጋዩ ማዶ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ሲታጠፍ ጮኸ።

"ተቆጣህ እንዴ? ቆዳውን ያንጠለጠልነው አንተን ልናዋርድ አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

በቅሎዎቹ ጠጥተው እስኪጨርሱ አያቸው። ከዚያ ነገራት፤ የግድግዳውን ወሬ፣ የአህዮቹን ማናፋት፣ ሚስቱ ያወጣችለትን ስም። ነግሮ ሲጨርስ ትስቃለች ብሎ ጠበቀ። ሰው ሁሉ የሚስቅበት ነገር ነውና እሱም ለመሳቅ አፉን አዘጋጀ።

እትዬ ሚዛን አልሳቀችም።

"ሚስትህ ስም ያወጣችው ላንተ ነው" አለች። "ለቆዳው አይደለም።"

አባ ቁም ጎንበስ ብሎ ከድንጋዮቹ መሀል የበቀለ ሣር ነቀለ። ብዙ ነቀለ፤ ሊነቀል የማይገባውንም ጭምር።

"እዚህ ብቀርስ፣ እትዬ" አለ ቆይቶ፣ ፊቱን ሳያነሣ። "ቅፍለታችሁ ለትንሽ ጊዜ ቆም ቢል? ለውኃ ያህል። እኔ እቀዳላችኋለሁ።"

"ልዋሽህ?"

"አይዋሹኝ።"

"አይቆምም። እስከ ዛሬ የቆምነው ስላስቆምከን ነው። መርከቡ አይጠብቀንም፣ ቆዳውም ሙቀት አይችልም። የቆመ ቅፍለት ካለ በቅሎ የወደቀችበት ነው።" ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች። "የኔ ባል ወደቡ አጠገብ ነው የተቀበረው። በዚያ ሳልፍ ከበቅሎዬ አልወርድም። መጀመሪያ ላይ እወርድ ነበር፤ ያኔ ቅፍለቱ ጥሎኝ ይሄዳል፣ ሮጬ ነው የምደርስበት። አሁን እዚያው ኮርቻዬ ላይ ሆኜ 'እንደምን አደርክ' እለዋለሁ። እሱም ምን እንደሚመልስልኝ አውቃለሁ። 'ሂሳቡን አስተካክለሻል?' ነው የሚለኝ። በሕይወትም ሳለ ከዚያ ሌላ አያውቅም።"

አባ ቁም ፈገግ አለ።

"ቤትዎ ሲገቡስ?"

"ስገባማ መብራት የሚያበራልኝ የለም። መጋዘን ውስጥ ነው የምተኛው፤ ጠባቂው ሲያንኮራፋ እሰማለሁ። ለማንም እንዳትናገር፤ ነጋዴዎቹ ከሰሙ አይፈሩኝም።"

ከግራሩ ላይ ወፎች ለማደሪያ ቅርንጫፍ ይሻማሉ። ሹሙ ደጁ ላይ ወጥቶ፣ ካባውን አውልቆ በእጁ ይዞ፣ ማንም በሌለበት መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። ያለ ካባው የሰው ልጅ መሰለ፤ የሆነች እናት ያለችው፣ ተልኮ ባዶ እጁን መመለስ የሚያስፈራው።

"ለሷ ማን ሰላም ይላታል?" አለ አባ ቁም።

"የሚያልፍ ሁሉ። መቼ ቀረባት? እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ የኔ ሰዎች ሰላም ሳይሏት አያልፉም። ከሚቆሙት ይልቅ የሚያልፉት ይበዛሉ፤ ነገሩ ከሠመረ ደግሞ ከዛሬው እጥፍ ቅፍለት ነው የሚወርደው። ሰላምታው ይበዛባታል እንጂ አያንሳትም።" ድንጋዩን ተደግፋ ተነሣች። "አልገፋህም። ሹሙ ግን ጎህ ሲቀድ ይሄዳል።"

እሷ ሄደች። እሱ ቆየ። ለሚስቱ ምን እንዳላት የሰማ የለም። የነቀለውን ሣር ሰብስቦ ወደ አንድ ጎን አደረገ፤ የተናደውን ድንጋይ መልሶ ደረደረ። ተራራው ጥላውን ጥሎ መንገዱ ግራጫ ሲሆን፣ ልብሱን አራግፎ ወደ ቤቱ ተሻገረ።

ሹሙና እትዬ ሚዛን በርጩማቸው ላይ ነበሩ። ፋኖሱን አሳላፊው አብርቶታል።

"እሄዳለሁ" አለ አባ ቁም።

ሹሙ ብድግ አለ። "ፈጣሪ ይስጥልን፣ አባት! ቤት እናሰጥዎታለን፤ ገበያው ዳር..."

"ቤቱን ቆይተን እንነጋገርበታለን፣ ጌታዬ። አንድ ነገር አለኝ።"

"ይናገሩ።"

"ብቻዬን አልፈታም። አንድ እስር እንኳ ብቻዬን አልፈታም። በፈታሁ ቁጥር ከመንግሥት አንድ ሰው፣ ከነጋዴዎቹም አንድ ሰው አጠገቤ ይቀመጥ። ከጠዋት ጀምሮ፣ የመጨረሻው እስር ታስሮ እስኪታተም። ዝናብም ቢሆን፣ ሥራም ባይኖር።"

"ሥራ ባይኖርም?"

"ባይኖርም ይምጡ።"

ሹሙ አሰበበት። ፊቱ እየበራ ሄደ። "እርግጥ ነው! ሁለት ምስክር! ነገ ባሩድ ተገኘ ወይም ጠፋ ቢባል ማንም ማንንም አይጠረጥርም። እኛ ለምን አላሰብነውም?" ቀለሙን አውጥቶ ይጽፍ ጀመር፣ እየጻፈም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ነበር፤ ፈታሹ ምን ጊዜም ቢሆን ብቻውን እንዳይሠራ።

እትዬ ሚዛን አባ ቁምን አየችው። በርጩማዋ ላይ ወደ ጫፉ ፈቀቅ አለችና የቀረውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

"ከነጋዴዎቹ ወገን" አለች፣ ዓይኗን ወደ ሹሙ መልሳ፣ "የመጀመሪያውን ወር እኔው ራሴ እቀመጣለሁ። እሱንም ይጻፉት።"